ለአባባ፤ ከዉች ማዶ ስላደገችው አጥቂ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ሻል አለዎት? እኛ ሁላችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር የልጅ ልጅዎ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ፎቶግራፍ የማን እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ «የፖላንድ ልጅ ናት፤ እግር ኳስ ተጫዋች» ብዬ ስመልስልዎ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔ እዚያ ስማር ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት አንድ ቀን እንኳ አላየሁም» አሉኝ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣ ስላለ ስለዚህች ልጅ አነሣሥ የማውቀውን በደብዳቤ ላጫውትዎ ወሰንሁ፤ አገሩንም ቋንቋውንም የሚያውቁ እርስዎ ነዎትና ከማንም በላይ እንደሚገባዎት አምናለሁ። ደግሞም ከታሪኳ ጋር የተያያዘ አንድ የምለምንዎ ነገር አለኝ።

ስሟ ኤቫ ፓዮር ይባላል። የተወለደችው ኅዳር 24 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 3 ቀን 1996 መሆኑ ነው፤ ዕለቱም እርስዎ የማይረሱት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው። ያደገችባት ፔንጉፍ የተባለች የገበሬ መንደር የምትገኘው ኡኒየዩፍ ከምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ ሲሆን፣ እርስዎ በ1973 ዓ.ም. የፖላንድን ቋንቋ ከተማሩባት ከዉች ከተማ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማይቱ በኩል የቫርታ ወንዝ ያልፋል። ዛሬ ኡኒየዩፍ የምትታወቀው ከምድር በሚወጣው ፍል ውሃዋ ነው፤ ስለ ጉልበትዎ ባሰብሁ ቁጥር እርስዎን እዚያ ወስጄ ባሳረፍሁዎ እላለሁ።

የመጀመሪያ ቡድኗ በአቅራቢያው ባለችው በቪየሌኒን መንደር የሚገኘው ኦርሌንታ ነበር። የስሙን ትርጉም እኔ ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ ነው፤ እርስዎ ግን ገና ሲሰሙት «የንስር ጫጩቶች» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትንሽ መንደር ለሴት ልጆች ለብቻቸው ቡድን ማቋቋም አይሆንላትምና በልጅነቷ የተጫወተችው ከወንዶች ልጆች ጋር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የዛሬው አጨዋወቷ የተሠራው እዚያ ነው፤ ከእርሷ የሚከብዱ ልጆች በትከሻ ሲገፏት ኳሷን ቶሎ መልቀቅን፣ ከመመታቷ በፊት መሸሽን፣ የተነጠቀችውንም ኳስ ተከትላ ሮጣ መልሳ መንጠቅን የለመደች ልጅ አድጋ ስትመጣ ያስታውቅባታል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በእኛ ግቢ ከወንድሞቼ ጋር ኳስ ስጫወት ጎረቤቶች መናገር በጀመሩ ጊዜ እማማ ኳሷን ከቁም ሣጥኑ በላይ እንደደበቀችብኝ፣ እርስዎም ጋዜጣዎን እንደያዙ ቀና ብለው አይተውኝ ምንም እንዳልተናገሩ አስታውሳለሁ። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ እኔም የነርስነት ሥራዬን እወደዋለሁ። ሆኖም የቪየሌኒን ሜዳ ለአንዲት የገበሬ ልጅ ክፍት ሆኖ መቆየቱን ሳስብ የዚያን ቀን ዝምታዎ ትዝ ይለኛል።

ከቪየሌኒን ቀጥሎ የምትመጣው ኮኒን ናት። ማዕድን ያጠኑ ሰው ነዎትና ኮኒንን የሚያውቋት በቡናማ ከሰሏና በኃይል ማመንጫዎቿ እንደሚሆን እገምታለሁ። በሴቶች እግር ኳስ ግን ኮኒን የታወቀችው ሜዲክ በተባለው ክለቧ ነው። ስሙ ለእርስዎ ማስተርጎም አያሻውም፤ ክለቡ ሲመሠረት ከሕክምና ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ስለነበር የወጣለት ስም ነው። ሮማን ያሽቻክ የሚባሉ ሰው ለሴቶች ኳስ ገንዘብም ተመልካችም ባልነበረበት ዘመን ጀምረው ለብዙ ዓመታት አንዳንዴ በአሰልጣኝነት፣ አንዳንዴ በኃላፊነት ይህን ክለብ ይዘው ቆዩ። ስለ ፓዮር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተሰጥኦዋን ብቻ ያወራሉ፤ እኔ ግን የታሪኩ እምብርት ይህ ይመስለኛል። ልጅቱ ባትወለድ ኖሮ ሜዲክ ሌላ አጥቂ ያወጣ ነበር፤ ሜዲክ ባይኖር ግን ከቤቷ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትርቅ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ የምትጫወትበትን ክለብ ከየት ታገኝ ነበር?

ፓዮር በዚህ ክለብ መለያ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ፣ በኤክስትራሊጋው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በ15 ዓመቷ ነው። በ15 ዓመት ዕድሜ ከጎልማሶች ጋር መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት፤ ገና አጥንቷ ያልጠና ልጅ ለዓመታት በሊጉ ከኖሩ ተከላካዮች ጋር ትከሻ ለትከሻ ትጋጠማለች። ሜዲክ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን ከቡድኑ ፊት አውራሪዎች አንዷ እርሷ ነበረች። በ2014 ቡድኑ ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ ገብቶ ከስኮትላንዱ ግላስጎ ሲቲ ጋር ተደልድሎ በሜዳው አሸነፈ፤ በመልሱ ጨዋታ ግን ተረታና ከውድድሩ ወጣ።

ከዚያ በፊት ግን እርስዎን በእጅጉ ያስደስታል ብዬ የማስበው ነገር ሆኗል። በልጅነታችን መብራት ሲጠፋ ስለ ቪድዜፍ ዉች ሲነግሩን ያደግን ልጆች ነን። ማንቸስተር ዩናይትድን እንዴት እንዳስወጡ፣ ቀጥሎም በማደሪያችሁ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስባችሁ ቱሪን ላይ ጁቬንቱስን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሸንፉ እንዴት እንደጮኻችሁ፣ ቀይ ጢሙ የታወቀው ዝቢግኒየቭ ቦኒየክም እንዴት ተከላካዮቹን ጥሎ እንደሚሮጥ ነግረውናል። እነሆ ያው ቦኒየክ እ.ኤ.አ. በ2012 የፖላንድ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በተከታዩም ዓመት፣ እርሱ በሥልጣን ላይ ሳለ፣ የፖላንድ ከ17 ዓመት በታች ሴቶች ቡድን የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው በስዊዘርላንድ ኒዮን ከተማ፣ ከአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ባለ አነስተኛ ሜዳ ሲሆን የፖላንድ ልጆች ስዊድንን 1 ለ 0 አሸንፈዋል። ከዚያ በፊት የፖላንድ ሴቶች በየትኛውም ዕድሜ እንዲህ ያለ ዋንጫ አንሥተው አያውቁም ነበር። የ16 ዓመቷ ፓዮር የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተባለች፤ በዚያው ዓመትም ለአገሯ ዋና ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈች። እርስዎ በዉች ሳሉ ያላዩአቸው ሴቶች፣ አባባ፣ በመጨረሻ መጡ፤ የመጡትም በእርስዎ ቦኒየክ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ በተረት እንደሚነገረው ወዲያው የሚያምር አይደለም። በ2015 ክረምት በ18 ዓመቷ ወደዚህ ወደ እኛ አካባቢ፣ ከብራውንሽቫይግ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወደምትርቀው ወደ ጀርመኗ ከተማ ወደ ቮልፍስቡርግ መጣች። የገባችበት የቮልፍስቡርግ ክለብ በ2013 እና በ2014 በተከታታይ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግን ያሸነፈ ነው፤ አሌክሳንድራ ፖፕን የመሰሉ አጥቂዎች ባሉበት ቡድን ለአንዲት ከኮኒን ለመጣች ልጅ ማን ቦታ ይለቅላታል? በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ብዙውን ከተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ነበረች። በአገሯ ከ15 ዓመቷ ጀምሮ ስትሰለፍ ለኖረች ልጅ በማታውቀው ቋንቋ መካከል ተቀምጦ ተራ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የፖላንድን ቋንቋ ሳያውቁ በብርዱ ወራት ዉች የገቡት እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እኔ ያየኋት ወደ ኋላ ላይ፣ ቦታዋን ካገኘች በኋላ ነው። የሴቶቹ ስታዲየም 5,000 ሰው ያህል ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ከፊት የተቀመጠ ሰው የታኬታቸውን ድምፅ ይሰማል። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበረችና ኳሷ ወዳለችበት ትመለከት ነበር፤ እኔ ደግሞ ኳስ በሌለበት ፓዮርን እመለከት ነበር። ተከላካይዋ ኳስ ስትቀበል ከኋላዋ ትመጣለች፤ ስትስታት ወደ በረኛዋ ትሮጣለች፤ በረኛዋ ኳሷን ወደ ጎን ስትሰጥ እንደገና ወደ ጎን ትዞራለች። ከአራት ሩጫ ሦስቱ ምንም አያስገኙላትም። ሴት ልጄ «ለምን ትለፋለች?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

መልሱን ያገኘነው ከዓመታት በኋላ፣ ጁን 3 ቀን 2023፣ አይንድሆፈን ላይ በተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። ጨዋታው በተጀመረ በ3ኛው ደቂቃ የባርሴሎናዋ ሉሲ ብሮንዝ በራሷ ሳጥን አቅራቢያ ኳሷን ለአንዲት አፍታ ዘግየት አደረገቻት። ፓዮር ደረሰችባትና ነጠቀቻት፤ ሳታቆምም መታች፤ ኳሷም የበረኛዋን እጅ ነክታ ከመረብ ገባች። ልጄ ከሶፋው ላይ ዘልላ ተነሥታ «አራተኛዋ ሩጫ!» ብላ ጮኸች። ቮልፍስቡርግ በመጨረሻ 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ያን ቀን ሁለታችንም ራት አልበላንም። በዚያ ውድድር ግን 9 ግቦች አስቆጥራ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነችው እርሷ ናት።

ስለ ወጣትነት ዘመኗ እያጫወትሁዎ ወደፊት ዘለልሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትዕግሥቷ ፍሬ ያፈራው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2018/19 የውድድር ዘመን፣ በጀርመን ሴቶች ቡንደስሊጋ 24 ግቦች አስቆጥራ ኮከብ ግብ አግቢ በሆነች ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በወንዶቹ ሊግ በ22 ግቦች አንደኛ የወጣው ሮበርት ሌዋንዶውስኪ ነበረ፤ ስለዚህ በጀርመን አገር በወንዱም በሴቱም ከሁሉ በላይ ግብ ያገቡት ፖላንዳውያን ነበሩ ማለት ነው። ያኔ ዜናውን ሳነብ መጀመሪያ የመጡብኝ እርስዎ ነበሩ፤ ደውዬ ሳልነግርዎ መቅረቴ ይቆጨኛል። ከዋናው ብሔራዊ ቡድን ጋር ግን ከ2013 ጀምሮ 11 ዓመት ጠብቃለች። ፖላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴቶች የአውሮፓ ዋንጫ ማለፏ የተረጋገጠው ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ቪየና ላይ ኦስትሪያን 1 ለ 0 ባሸነፉ ዕለት ሲሆን፣ ግቡን ያስቆጠረችው ፓዮር ናት። ቀኑን ልብ ይበሉልኝ፤ ኅዳር 24፣ 28ኛ የልደት ቀኗ ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የልጅ ልጅዎ 14 ዓመት ሞልቷታል። ከዚህ ራቅ ባለ ከተማ ያለ፣ ትምህርትንና እግር ኳስን አንድ ላይ የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት በሚመጣው ዓመት ሊቀበላት ተስማምቷል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ አድራ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት ትመጣለች። አባቷ ፈቅዷል። እኔ በቀን አዎን እላለሁ፤ ሌሊት ግን የተጣጠፈው ልብሷ፣ ባዶው አልጋዋና በር ላይ የማይኖረው ጭቃ የያዘ ታኬታዋ እየታየኝ ሐሳቤ ይለዋወጣል። እርሷ ግን ጠንከር ብላ «አባባ ሳይመርቁኝ አልሄድም» ብላለች። ይህን ያለችው እኔ አስጠንቻት አይደለም፤ ከልቧ ነው። እባክዎን እሑድ ስደውል እንደተለመደው እኔን ብቻ አነጋግረው አይዝጉት፤ እርሷን ይጥሯትና የልብዎን ይንገሯት። አይሆንም የሚሉ ከሆነም ለእርሷው ይንገሯት፤ እንደዚያ ቀን በዝምታ ብቻ እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ።

በሚመጣው ሐምሌ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ ሦስታችን በመኪና ወደ ፖላንድ ለመሄድ አስበናል። መጀመሪያ ኮኒንን፣ ቀጥሎ ኡኒየዩፍንና ቪየሌኒንን ካየን በኋላ ዉች ሁለት ሌሊት እናድራለን። ስለዚህ ያደሩበትን የተማሪዎች ማደሪያ የመንገዱን ስምና ቁጥር ከደብተርዎ ፈልገው ለእኅቴ ቢያጽፏት፣ በበረዶው ላይ ከጓደኞችዎ ጋር ቆመው የተነሡትንም ፎቶግራፍ በስልኳ አንሥታ ብትልክልኝ፣ ልጄን በዚያው ደጃፍ አቁሜ ላነሣት እፈልጋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከብራውንሽቫይግ