የስዊቹ ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፈው ከጎንደር ማራኪ ነው። ስራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነው፣ ኬብል ስጎትት፣ ግድግዳ ስበሳ፣ ኮርኒስ ውስጥ ገብቼ አቧራ ስጠጣ የምውል ሰው ነኝ፣ ሆቴል በሉት ክሊኒክ በሉት የሂሳብ ቢሮ ያልገባሁበት የለም። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፣ ቢንዛዛባችሁ ይቅርታ፣ የታናሽ እህቴ ነገር ነው ያስገደደኝ።

እህቴ እዚሁ ከተማ ኮሌጅ ትማራለች፣ ስሙን አልጠራም፣ ችግሩም የአንድ ኮሌጅ ብቻ አይመስለኝም። ዘንድሮ ኮምፒውተር ኔትወርኪንግ የሚባለውን ኮርስ ይዛለች። መምህሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ኮርስ አውትላይን የሚባለውን የኮርሱን እቅድና ደንብ አድሏቸው 4 ገጽ ይዛ መጣች፣ ማታ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ባልንበት "ጋሽዬ እስቲ እየው፣ የወህኒ ቤት ደንብ እኮ ነው የሚመስለው" ብላ ሰጠችኝ።

ደንቡ ምን ይላል መሰላችሁ፣ ከክፍለ ጊዜው 85 በመቶ ያልተገኘ ፋይናል አይቀመጥም፣ 10 ደቂቃ ላረፈደ በሩ ዝግ ነው፣ 3 ጊዜ ማርፈድ እንደ አንድ ቀን መቅረት ይቆጠራል፣ አሳይመንት ቀኑ ካለፈ ዜሮ፣ የተኮረጀ ስራ ለሰጪም ለተቀባይም ዜሮ፣ ሜካፕ (ያመለጠ ፈተና በሌላ ቀን መውሰድ) ያለ ሀኪም ወረቀት አይታሰብም፣ ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ውሃም ቆሎም ክልክል ነው፣ ስልክ የጮኸበት ይወጣል። እሷ እንደማግዛት ጠብቃ ነበር እኔ ግን ለመምህሩ ወገንኩ። ምክንያቱም በኛ ስራ ደንበኛው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀይርልኝ ካለህ 6 ሰዓት ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሰራተኛው ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ካልሰራ "መብራት ጠፍቶብኝ ነው" ብትል የሚሰማህ የለም። እሱን ስነግራት "አንተ ደግሞ ሁልጊዜ የትልልቅ ሰው ወገን ነህ" ብላ አኮረፈች።

የኩረጃውንም ነገር ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም አስቆኛል። የመጀመሪያው አሳይመንት በፓኬት ትሬሰር 2 ራውተርና 3 ስዊች አገናኝታችሁ አምጡ የሚል ነበር። ራውተር አንዱን ኔትወርክ ከሌላው የሚያገናኝ፣ ስዊች ደግሞ በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ እቃ ነው። ፓኬት ትሬሰርን ለማያውቅ፣ ሲስኮ የሰራው በኮምፒውተር ላይ በውሸት ራውተር የሚያለማምድ ሶፍትዌር ነው፣ በነጻ ይገኛል። ታዲያ አንዱ ጎበዝ ልጅ ሰርቶ በፍላሽ ለጓደኛው ይሰጣል፣ ጓደኛው ለጓደኛው፣ እንዲህ እያለ ይዞራል፣ ሁሉም የፋይሉን ስም እየቀየረ ያስረክባል። መምህሩ ሲከፍተው የ11 ተማሪ ራውተር ሆስትኔሙ (ራውተሩ ውስጥ የሚጻፈው መጠሪያው) የዛ የአንዱ ልጅ ስም ነው! ውጭው የኔ ውስጡ የሱ። 11ዱም ዜሮ፣ የሰራው ልጅም ዜሮ። ልጁ አለቀሰ አሉ፣ ያሳዝናል ግን ደንቡ ቀድሞ ተጽፎ ተነግሮታል። እህቴ ከ11ዱ ውስጥ ትኑር አትኑር አልጠየቅኳትም፣ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

እስከዚህ ድረስ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ግን 4ቱን ገጽ ሁለቴ ገለባብጬ የፈለግኩትን አጣሁ። ነጥቡ እንዲህ ተከፋፍሏል፣ ክዊዝ 10፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 50፣ ድምሩ 100 ሞላ። ላቡስ? ላብ በሳምንት 3 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል ነጥብ ግን የለውም፣ ነጥብ የሌለው ነገር ደግሞ የትም ሀገር ቢሆን እንደሚቀር ታውቃላችሁ። ትምህርት ከተጀመረ 5 ሳምንት ሆኖት ነበር፣ ላብ ስንቴ ገባሽ ስላት ሁለቴ አለችኝ። ተማሪው 45 ነው፣ የሚነሳው ኮምፒውተር 11፣ ስዊች የሚባለው አንድ ብቻ ሆኖ እሱም መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት እንደ ቅርስ በሩቅ ይታያል። ቁልፉ ማን ጋር ነው ሲባል እቃ ቤት፣ የእቃ ቤቱ ሰውዬ የት ነው ሲባል የዓመት እረፍት ላይ።

እንግዲህ ፍረዱኝ፣ ተማሪ 10 ደቂቃ ሲያረፍድ በሩ ይዘጋበታል፣ ቁልፉ 5 ሳምንት ሲያረፍድ ዜሮ የሚሰጠው ማን ነው? መምህሩን እየወቀስኩ አይደለም፣ ምስኪኑ ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ ላይ መሰኪያ መጫኛ ፒንሳ) እንኳ የሚያመጣው ከቤቱ ነው አሉ። እኔ የምለው አውትላይን እንደ ውል ከሆነ ውል ሁለት ወገን አለው፣ ተማሪው ምን እንደሚጠበቅበት 4 ገጽ ሙሉ ተጽፎ ኮሌጁ ምን እንደሚያቀርብ አንድ መስመር እንኳ አለመኖሩ ልክ አይደለም። "ለ45 ተማሪ ይህን ያህል የሚሰራ ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ስዊች፣ በሳምንት 3 ሰዓት ክፍት ላብ፣ ካልሆነ በዚህ ቀን ማካካሻ" ተብሎ ይጻፍና የዲፓርትመንቱ ሃላፊ ይፈርምበት።

ይሄን ያህል ለምን ተንጨረጨርክ ካላችሁኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ውስጥ አልጋ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። አንድ ዓመት በዋዜማው አንድ ሆቴል ዋይፋይ እምቢ አለን ብለው ጠሩኝ። 38 ክፍል አለው፣ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እንግዳው ሁሉ ስልኩን ይዞ ሪሴፕሽን ላይ ይጮሃል። ከኔ በፊት በቅርብ የተመረቀ ልጅ ተጠርቶ ነበር፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ውጤቱም ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ችግሩ የቴሌ ነው ብሎ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራዋል፣ ትንሽ ሰርቶ እንደገና ይቆማል፣ ደግሞ ያጠፋዋል፣ ሲያጠፋ ሲያበራ መሸበት። እኔ የሪሴፕሽኑን ላፕቶፕ ከፍቼ አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻውን) ሳየው በ169.254 ይጀምራል፣ ይሄ ማለት ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ራውተሩ ውስጥ ስገባ ዲኤችሲፒው፣ ማለትም ለሚመጣው ስልክ ሁሉ አድራሻ የሚያድለው፣ ከ100 እስከ 199 ብቻ እንዲሰጥ ተደርጓል፣ 100 አድራሻ። 38 ክፍል በ2 ሰው፣ ሰዉ ደግሞ ስልክና ላፕቶፕ ይዟል፣ 152 መጣላችሁ። በዛ ላይ አንዴ የተሰጠ አድራሻ ለ24 ሰዓት የተያዘ ነው፣ ጠዋት የለቀቀው እንግዳ ባህር ዳር ገብቶ ምሳውን እየበላ አድራሻው እዚህ በስሙ ተይዞ ቁጭ ብሏል። የቴሌ መስመር ምንም አልሆነም። ሰብኔቱን፣ ማለትም የኔትወርኩን የአድራሻ ስፋት፣ ከ/24 ወደ /23 ቀይሬ በጠቅላላ ሊይዝ የሚችለውን አድራሻ ከ254 ወደ 510 አደረስኩት፣ ዲኤችሲፒው የሚያድለውንም በዚያው አሰፋሁት፣ ሊዙን (አንድ አድራሻ የሚያዝበትን ጊዜ) ወደ 2 ሰዓት ዝቅ አደረግኩ፣ ካሜራዎቹንና ፕሪንተሩን አንድ በአንድ በእጅ አስተካከልኩ (እሱ ነው ያመሸኝ)፣ በማግስቱ ጥር 11 እኔም ታቦት ልሸኝ ወጣሁ።

ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ ሰባቱን የኦኤስአይ ሌየር (የኔትወርክ ስራ ተከፋፍሎ የሚታይባቸውን ደረጃዎች) ከታች ወደ ላይም ከላይ ወደ ታችም ወረደልኝ፣ ለማስታወሻ ይሆናል ተብሎ የሚሸመደድ ስለ ሶሴጅና ፒዛ የሚያወራ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አለ እሱንም አለልኝ፣ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ልጅ ሶሴጅ ፒዛ የት አይቶ እንደሚያስታውስ እንጃ። ሰብኔት ማስላትም በወረቀት ይችላል። ግን ሰው የሞላበት ቤት ቆሞ ራውተር ከፍቶ አያውቅም፣ 169.254ን በመጽሐፍ ሰምቷት ይሆናል እንጂ አይቷት አያውቅም፣ ያሳየውም የለም።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፣ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለም፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ስለዚህ መምህሩም ተማሪውም ሀ ለ ሐ መ መምረጥ ላይ ነው ልቡ። ይገባኛል። ግን ኬብል በምርጫ አይታሰርም። እህቴን አንድ እሁድ ክሪምፐር ሰጠኋትና ስሪው አልኳት። ኬብሉ ውስጥ ያሉትን የስምንቱን ሽቦዎች የቀለም ቅደም ተከተል እንደ ሀሁ ታውቀዋለች፣ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሚድ ላይ መጥቶ ሙሉ አግኝታበታለች። ስትሰራው ግን 4 ጭንቅላት (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) አበላሸች፣ ሽቦው ጫፍ ድረስ ሳይደርስ ትጫነዋለች፣ ቴስተሩ ላይ 6ኛዋ መብራት አትበራም። አምስተኛው ላይ ስምንቱም በተራ በሩላት፣ እናታችን እንኳ ከጓዳ ወጥታ እልል አለች፣ ምን እንደበራ ሳታውቅ።

ስለዚህ ነጥቡ ይከፋፈል፣ ከ100ው 30ው የእጅ ፈተና ይሁን። ተማሪው ለብቻው ይግባ፣ አንድ ሜትር ኬብልና ሁለት ጭንቅላት ይሰጠው፣ ይሰር፣ ቴስተር ላይ ያሳይ። ከዛ መምህሩ ሆን ብሎ ያበላሸው አንድ ነገር ይጠብቀው፣ የተሳሳተ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው አድራሻ) ይሁን፣ ሌላ ቪላን (ስዊቹ ውስጥ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) ውስጥ የገባ ፖርት (የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ) ይሁን፣ ወይ ከሚፈቀደው 100 ሜትር በላይ የተጎተተ ኬብል ይሁን፣ ፈልጎ ያግኘው፣ እንዴት እንዳገኘውም በአፉ ይናገር፣ በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም። እዛ ላይ ኩረጃ የለም። ቻት ጂፒቲ ክልክል ነው የሚልም አንድ መስመር አውትላይኑ ላይ አይቻለሁ፣ እኔ ብሆን ጠይቁት ግን መጥታችሁ አስረዱኝ ነበር የምለው።

አንድ ሌላ የጎደለም አለ። ዋየርሻርክ የሚባለውን በኮምፒውተሩ የኔትወርክ መስመር የሚያልፈውን የሚያሳየውን ሶፍትዌር ያስተምሯቸዋል፣ ጥሩ ነው፣ በቴልኔት፣ ማለትም ሳይመሰጥር ከሩቅ ወደ ራውተር በሚያስገባው፣ ገብተህ የጻፍከው የራስህ ፓስዎርድ ፊደል በፊደል ተዘርግቶ ስታየው ለምን በሚመሰጥረው በኤስኤስኤች ግቡ እንደሚባል ሳይነግሩህ ይገባሃል። ግን 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ይሄን ተምሮ ማታ ካፌ ዋይፋይ ላይ ቢሞክረውስ? በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 የሰው ግንኙነት ያለፈቃድ መጥለፍ ወንጀል ነው። ቆሎ ክልክል ነው ብሎ የጻፈ አውትላይን ይሄን አለመጻፉ ገርሞኛል።

ስለማርፈድ ለመምህሩ ወግኛለሁ ብያለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልወግንም። አሳይመንት በኢሜይል ብቻ፣ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይላል። ክልላችን ውስጥ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የረሳን ይመስላል፣ አዳዲሶቹ ፓኬት ትሬሰሮች ደግሞ ገና ሲከፈቱ በአካውንት ግባ ስለሚሉ ያኔ የነበሩ ልጆች የድሮውን ቨርዥን ከየት አባታቸው ፈልገው እንደሚሰሩ አይቻለሁ። በፍላሽ በማግስቱ ጠዋት ማስረከብ ይቻላል የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ማንም አይጎዳም፣ ሰነፍ እንደሆነ በፍላሽም አያመጣም።

እኔ ቤት ባለ 24 ፖርት አሮጌ ስዊች አለ፣ አንድ ደንበኛ ሲቀይር የሰጠኝ ነው፣ 2 ፖርቱ ሞቷል 22ቱ ይሰራል፣ ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ለኮሌጁ ልስጥ ብዬ ተሸክሜ ሄጄ ነበር። በር ላይ ጥበቃው ያለ ደብዳቤ እቃ አይገባም አለኝ፣ በስልክ ያነጋገርኩት ሰው ደግሞ በሞዴል 19 (የእቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ገቢ ካልሆነ አንቀበልም፣ ሞዴል 19 የሚቆርጠው የእቃ ቤቱ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ እረፍት ላይ ነው አለኝ። ለማንኛውም ደብዳቤ ጽፈህ ና ብለውኛል። ይኸው ጻፍኩ። ስዊቹ አልጋዬ ስር ነው፣ ሰውዬው ከእረፍት ሲመለስ የሚነግረኝ ካለ አመጣዋለሁ።

የኔትወርክ ቴክኒሺያኑ
ከማራኪ፣ ጎንደር