አባባ፣ ስለ ጠየቁኝ ሚሳኤል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ራቅ ብለን ወደ ምሥራቅ እየሄድን ነው። ሞተሩ ሰላም ነው፤ ተራዬ እስኪደርስ ጊዜ አለኝ። ደብዳቤውን በቴሌግራም ለእህቴ እልከዋለሁ፣ እሷ ታንብብልዎ። ቁጥር ባየች ቁጥር እየዘለለች እንዳታልፍ ይንገሯት።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። «እውነት እነዚህ የአሜሪካ መርከቦች ባለስቲክ ሚሳኤል ሰማይ ላይ ይመታሉ? ወይስ ወሬ ነው?» ነበር ያሉኝ። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይላችን መድፈኛ የነበረ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከሚወዛወዝ መርከብ ላይ ሆኖ አውሮፕላን እንኳ ማነጣጠር ስንት ጣጣ እንዳለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። አጭሩ መልስ፣ አዎ ይመታሉ። ግን አጭሩ መልስ ብቻውን ያሳስታል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ባለስቲክ ሚሳኤል የወንጭፍ ድንጋይ ነው። እርስዎ በልጅነትዎ ማሽላ ሲጠብቁ ከማማው ላይ ይወረውሩት የነበረው ዓይነት። የክንድ ጉልበት የሚያገኘው ከወንጭፉ እስኪወጣ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገፋው የለም። ሚሳኤሉም ሞተሩ የሚነደው መጀመሪያ ላይ ነው። ሩቅ የሚሄደው ዓይነት ከአየር ውጭ ይወጣና ጠፈር ውስጥ ተንሳፍፎ ተመልሶ ይወርዳል። ለሚከላከለው ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አነሳሱን በደንብ ካየ የት እንደሚወድቅ ማስላት ይችላል። ጭንቁ ፍጥነቱ ነው።

መርከቦቹ የሚጠቀሙበት ሥርዓት ኢጂስ ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ለዚህ ሥራ አልነበረም። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሶቪየቶች ብዙ ሚሳኤል ባንድ ጊዜ መርከብ ላይ ቢለቁ እንዴት እንቋቋማለን ብለው ነው የጀመሩት። ሥራውን ለዓመታት የመራው ዌይን ማየር የሚባል አድሚራል ነው። የመጀመሪያዋ ባለ ኢጂስ መርከብ፣ ታይኮንደሮጋ፣ አገልግሎት የጀመረችው በ1983 ነው። እርስዎ ያኔ ምጽዋ ነበሩ።

የእናንተ ራዳር ይዞር ነበር አይደል? አንድ ዙር እስኪጨርስ ኢላማው ቦታ ይቀይራል። የኢጂስ ራዳር አይዞርም። በመርከቡ አራት አቅጣጫ አራት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ተገጥመዋል። በእያንዳንዱ ላይ ከ4,000 በላይ ትናንሽ አሰራጮች አሉ። ጨረሩን ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው የሚያዘዋውረው ኮምፒውተር ነው፣ የሚንቀሳቀስ ብረት የለም። ስለዚህ ባንድ ጊዜ ብዙ ኢላማ ይከታተላል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ጃክ ሉካስ በምትባል አዲስ የጦር መርከብ (ዲስትሮየር ይሏታል) ላይ ከበፊቱ በጣም የሚበልጥ ራዳር ገጥመዋል።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ የአሠራራቸው ዘዴ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ባሕር በማይታይበት የእርሻ ሜዳ ላይ፣ የጦር መርከብ አናት ገነቡ። ሕንጻ ላይ የተቀመጠ የመርከብ አካል ነው። ራዳሩንና ሶፍትዌሩን መርከብ ላይ ከመጫናቸው በፊት እዚያ ይፈትኑታል። ማየር ራሱ «ትንሽ ሥራ፣ ትንሽ ፈትን፣ ብዙ ተማር» ይል ነበር አሉ። እኛ ሞተር ክፍል ውስጥ ይህንን ነገር ብንለምደው ስንት ሌሊት በተኛን።

ወደ ባለስቲክ ሚሳኤሉ ልመለስ። ለዚህ ሥራ የሠሩት ማክሸፊያ፣ ማለትም ሚሳኤል የሚመታ ሚሳኤል፣ ኤስ.ኤም-3 ይባላል። ሞተሮቹ ደረጃ በደረጃ እየነደዱ ከአየር ውጭ ያወጡታል። መጨረሻ ላይ ትንሽ መቺ አካል ይለያል። የሙቀት ካሜራ አለው፣ አቅጣጫውን የሚያስተካክልባቸው ትናንሽ ሞተሮች አሉት። ፈንጂ ግን የለውም አባባ! ሄዶ ይላተማል፣ በቃ። በዚያ ፍጥነት ግጭቱ ራሱ ከፈንጂ ይበልጣል። በጥር 2002 ሌክ ኢሪ የምትባል የጦር መርከብ (ክሩዘር) ከሃዋይ አጠገብ ተኩሳ የሙከራ ኢላማውን መታች። በ2008 ደግሞ ይቺው መርከብ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት 247 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በአንድ ምት ሰባበረች። በ2020 ጆን ፊን የምትባል ዲስትሮየር አህጉር አቋራጭ ሚሳኤልን የሚመስል ኢላማ ፓሲፊክ ላይ ጣለች።

ያልተሳካላቸውም አለ። እርስዎን ያስቅዎታል ብዬ የማስበው የሰኔ 2017ቱ ነው። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ እየሄደ ነበር። ማክሸፊያው ተተኩሷል፣ ወደ ኢላማው እየበረረ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ መርከበኛ ግን ኢላማውን በስሕተት «ወዳጅ» ብሎ መዘገበው። ማክሸፊያው ወዳጅ አልመታም አለና ራሱን አፈነዳ። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ መሐንዲስ አንድ ጣት አሸነፈቻቸው። ጃፓኖችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1998 ሰሜን ኮሪያ የተኮሰችው ሮኬት በላያቸው አልፎ ፓሲፊክ ውስጥ ወደቀ። ደነገጡ። መርከቦቻቸውን ለዚህ ሥራ አስታጠቁ፣ አዲሱንና ትልቁን ኤስ.ኤም-3 ከአሜሪካኖች ጋር አብረው ሠሩ። ቀጥለው ተመሳሳዩን የብስ ላይ እንትከል አሉ። በ2020 ግን ሰረዙት። ምክንያቱ ማክሸፊያው ሲነሳ የሚጥለው የሞተር ቀፎ የሰው መኖሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል የሚል ነበር። አሁን በምትኩ ለዚሁ ሥራ ሁለት ትልልቅ መርከቦች ያሠራሉ። ባሕር ላይ ቀፎው ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ክስ የሚያቀርብ የለም።

የባሕሩ ጥቅም ይህ ብቻ አይደለም። መርከብ መሬት ልከራይ ብሎ የሰው አገር በር አያንኳኳም። ዛሬ ሜዲትራኒያን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቀይ ባሕር ይገኛል። በሚያዝያ 2024 ኢራን ከ100 በላይ ባለስቲክ ሚሳኤሎች ወደ እስራኤል ስትተኩስ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ የነበሩት የአሜሪካ ዲስትሮየሮች ካርኒ እና አርሊ በርክ ኤስ.ኤም-3 ተኮሱ። ያ ማክሸፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ጦርነት የተተኮሰው ያን ሌሊት ነው። አብዛኛውን የጣለው የእስራኤል መከላከያ ቢሆንም መርከቦቹም ድርሻቸውን መትተዋል። ስለዚህ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። እርስዎን ያስጨነቀዎት ባብ ኤል ማንደብ፣ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መውጫ፣ መሆኑን አውቃለሁ። የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ባለስቲክ ሚሳኤል በሚንቀሳቀስ መርከብ ላይ በመተኮስ በዓለም የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ሚሳኤሉ ጠፈር አይደርስም፣ ከተራራው ጀርባ ይነሳና ይመጣል። ለዚህ የሚሆነው ማክሸፊያ ኤስ.ኤም-6 የሚባለው ነው። የራሱ ራዳር አፍንጫው ላይ አለ፣ ፈንጂም አለው። የአሜሪካን ባሕር ኃይል በአካባቢው ይመሩ የነበሩት ምክትል አድሚራል ብራድ ኩፐር በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሚሳኤሉ አየር ላይ የሚቆየው 75 ሰከንድ ገደማ ነው፣ አዛዡ ልተኩስ ወይስ አልተኩስ ብሎ የሚወስነው ከ9 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ብለዋል። እስቲ ያስቡት። እናንተ በድሮው ጊዜ ትእዛዝ ከመርከቡ ማዘዣ ድልድይ ወርዶ መድፉ ጋ እስኪደርስ ስንት ሰከንድ ይፈጅ ነበር?

የጦር መርከቦቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሚሳኤል አልነካቸውም። የንግድ መርከቦች ግን እንደዚያ አልሆነላቸውም። በመጋቢት 2024 ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ትሩ ኮንፊደንስ የምትባል መርከብ በባለስቲክ ሚሳኤል ተመታች፣ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። እንደ እኔው ደሞዝ ፍለጋ የወጡ ሰዎች ናቸው። ጋሻው ራሱን የያዘውን ሰው በደንብ ይከልላል። ከጀርባው ርቆ ያለውን ግን ሁልጊዜ አይደርስለትም።

ለምን ቢሉኝ፣ ቁጥር ነው። አንዲት ዲስትሮየር ሚሳኤል የምትይዝባቸው ጉድጓዶች 90 ወይም 96 ናቸው። በእነዚያ ውስጥ የየብስ መምቻውም፣ የሰርጓጅ መርከብ መምቻውም፣ የአየር መከላከያውም ይሻማሉ። ሲያልቅ ደግሞ እንደ እናንተ ጥይት ከታች አምጥተው አይሞሉም። ወደብ ገብታ በክሬን ነው የምትጭነው። ያውም ከጦርነቱ ቀጠና ርቃ። ባሕር ላይ ለመሙላት በጥቅምት 2024 ካሊፎርኒያ አጠገብ ቾሲን በምትባል መርከብ ሞክረዋል፤ ባዶ ቀፎ ከአቅራቢ መርከብ አሻግረው አስገቡ። ገና ጅምር ነው። ዋጋውም አለ። አንድ ኤስ.ኤም-3 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ ትልቁማ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። በነሱ ሚሳኤል ዋጋ የእኛን መርከብ ከነጭነቷ መግዛት ሳይቻል አይቀርም።

ሌላው እርስዎ ከማንም በላይ የሚገባዎት ነው። በ2018 የባሕር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት አድሚራል ጆን ሪቻርድሰን አማረሩ። ስድስት ምርጥ መርከቦቼ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ታስረው የብስ ይጠብቃሉ አሉ። ልክ ናቸው። ሚሳኤሉን ለመጥለፍ መርከቡ ትክክለኛው ቦታ ላይ መቆም አለበት። የትም መሮጥ የሚችል ዲስትሮየር አንዲት የባሕር ቁራጭ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ወራት ያልፋል። ሮማኒያና ፖላንድ ውስጥ ግን ኢጂስን ከነማክሸፊያው የብስ ላይ ተክለዋል፤ እንዲህ ሲሆን የመርከቦቹ ሸክም ይቀላል። እኔን ከጠየቁኝ ጃፓኖችም አሜሪካኖችም ልክ ናቸው። የት ቆመህ ማንን ትጠብቃለህ ነው ጥያቄው። ለጠላት ደግሞ ነገሩ ይረክሳል። ጠፈር ውስጥ አየር ስለሌለ ፊኛም ብረትም እኩል ነው የሚበረው፤ ከሚሳኤሉ ጋር ማታለያ ቢበትን መቺው የቱ እውነተኛው እንደሆነ መለየት አለበት። ይህን በፈተና ማሳየትና በውጊያ ማድረግ አንድ አይደሉም።

እና አባባ፣ እኔ በማን ልተማመን? ድርጅታችን በቀይ ባሕር ማለፍ ትቶ በደቡብ አፍሪካ ዞረን እንድንሄድ ሲወስን ልጆቹ አጉረመረሙ። ጉዞው በሁለት ሳምንት ገደማ ይረዝማል፣ ነዳጁም ይበዛል፣ እዚህ ያለው ማዕበልም ቀልድ አያውቅም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ኢጂስን ስለማላምን አይደለም። የማይደርስበት ሚሳኤል እንዳለ ስለማውቅ ነው። እርግጥ ለአገራችን ሌላ ነው። የእኛ ዕቃ በጅቡቲ ነው የሚገባው፣ ጅቡቲ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን ቢዞሩም ያው የኤደን ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ነች። ገበያ ላይ ዘይት ሲወደድ ሰዉ ነጋዴውን ብቻ ይረግማል፣ የመርከብ ኢንሹራንስም ግን ድርሻ አለው።

ለእማዬ ስለ ትሩ ኮንፊደንስ አይንገሯት። በደቡብ በኩል ነው የሚሄደው፣ እዚያ ጦርነት የለም ይበሏት። እውነት ነው።

ለመድኃኒቱ የሚሆን ገንዘብ በእህቴ በኩል ልኬያለሁ። የዓይን ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ እንዳያልፍዎ። ሌላ አንድ ነገር አስቸግርዎታለሁ። በድሮዋ የባሕር ኃይላችን መርከብ፣ «ኢትዮጵያ» ላይ፣ አውሮፕላን ስታነጣጥሩ ርቀቱንና ፍጥነቱን ማን ነበር የሚያሰላው? በእጅ ነው ወይስ መሣሪያ ነበራችሁ? እዚህ አንድ ፊሊፒናዊ ጓደኛዬ የድሮ የባሕር ኃይል ሰው ነው፣ ተከራክረን አልተስማማንም። በድምፅ ቀድተው እህቴ ትላክልኝ። ረጅም ቢሆንም ግድ የለም።

ልጅዎ