ጉዳዩ፦ በእናንተ በኩል ለሥራ ኳታር ሄዶ «ከእጃችን ወጥቷል» ስለተባለው ወንድሜ

ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር ለሚልከው ኤጀንሲ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ቢሮዎ ድረስ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አራቱን «ስብሰባ ናቸው» ተብዬ ተመለስኩ። በአምስተኛው አንዲት ሠራተኛችሁ ፋይሉን ገለጥ አድርጋ አየችና «እሱ እኮ ከሄደ ቆየ፤ ከእጃችን ወጥቷል» አለችኝ። ልጅቷን አልወቅስም፤ በሏት የተባለችውን ነው ያለችው። ቃሏ ግን ከጆሮዬ አልወጣ ብላ ይኸው ብዕር አስነሳችኝ።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ማራኪና አዘዞ ድንጋይ ስጠርብ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ወንድሜን ሥራ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ፌሮ ማሰሩን ወደደና ፌራዮ ሆነ። እጁ ፈጣን ነው፤ የሠራበት ሁሉ ይመሰክርለታል። የሲሚንቶ ዋጋ ጣራ ነክቶ የተጀመረ ቤት ሁሉ ምሰሶው ላይ ሲቆም ሥራ ፈታ። ያኔ የእናንተን የማስታወቂያ ሰሌዳ አየ። ሰሌዳው ላይ ያሉትን የመስታወት ፎቆች መቼም ያውቋቸዋል። (ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት እዚያ ያሉት አሠሪዎቹ ቂም እንዳይይዙበት ነው። እናንተ ፋይሉን ታውቁታላችሁ።)

እዚህ የፈረመው ውል «የፌሮ ሠራተኛ፣ በወር 1,600 የኳታር ሪያል፣ መኝታና ምግብ በአሠሪው» ይላል። ዶሃ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ሌላ ወረቀት አቀረቡለት፤ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ሁለቱንም አያነብም። ፈርም አሉት፣ ፈረመ። በዚያኛው ወረቀት ወንድሜ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም 1,000 ሪያል። ፓስፖርቱን «ለመኖሪያ ፈቃድ» ብለው ተቀብለውት ነበር፤ እስከ ዛሬ የሠራተኞቹን መኖሪያ ካምፕ በሚያስተዳድረው ሰው እጅ ነው። የኳታር ሕግ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ ይከለክላል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሥራችሁ ነውና።

1,000 ሪያል ደግሞ እዚያ አገር የደመወዝ ወለል ነው። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚያ በታች መክፈል አይቻልም፤ አሠሪው መኝታ ካላቀረበ 500፣ ምግብ ካላቀረበ 300 ይጨምራል። ወንድሜ ምግቡን የሚያበስለው ራሱ ነው፤ ሩዙንም ዘይቱንም ከኪሱ ይገዛል። 300ዋን አይቷት አያውቅም። የግንቦትና የሰኔ ደመወዙ ደግሞ ጭራሽ አልተከፈለውም።

የዶሃና የጎንደር ሰዓት አንድ ነው። ይህን ልብ ያልኩት በቅርቡ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ከሥራ አግዶን ላስቲክ ሥር ተጠልለን ቆሎ ስንቆረጥም፣ በኢሞ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ነበር። ከድምፁ ኋላ ብረት ሲንኳኳና ፎርማኑ ሲጮህ ይሰማል። «ጋሼ፣ ላቤ ሸሚዜ ላይ ሲደርቅ ጨው ይሆናል» አለኝና ሳቀ። የኳታር ሕግ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። የእሱ መልእክቶች ግን በ5፣ በ6፣ በ7 ሰዓት የተላኩ ናቸው። አንዱንም አላጠፋሁም፤ ሰዓታቸው እላያቸው ላይ ተጽፏል። አምጡ ካላችሁኝ አሰማችኋለሁ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከእኛ 85,000 ብር ወስዳችኋል፦ «ለቪዛ፣ ለትኬት፣ ለሥራ ፈቃድ» ብላችሁ። ገንዘቡ የገባው በኤጀንሲው ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ደረሰኝ ስንጠይቅ «በኋላ» ተባልን። የባንኩ ወረቀት ግን አለን። የውጭ አገር የሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ መድንንም በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። የሠራተኛው ድርሻ ፓስፖርት፣ ሕክምና፣ ክትባት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) እና የመሳሰሉት ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ወንድሜ ለየብቻ፣ በደረሰኝ ከፍሏል። ታዲያ 85,000ው የምን ነው? ለዚህ ብር ቆላ ድባ ያለው አባታችን አንድ በሬውን ሸጧል፣ የጎደለውን እኔ ተበድሬያለሁ። ዘንድሮ ሽማግሌው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው ያረሰው። ጎረቤትየው የራሱን ማሳ ሳይጨርስ በሬውን ስለማይሰጥ የኛ እርሻ ዘግይቷል።

እንግዲህ «ከእጃችን ወጥቷል» ወደምትለዋ ልመለስ። አዋጁ የሥራ ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲውና አሠሪው በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው ይላል። ወንድሜ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ሲሳፈር ኃላፊነታችሁ አብሮ አልተሳፈረም። እኔ የገነባሁት ግድግዳ በዓመቱ ቢሰነጠቅ ባለቤቱ የሚጠራው እኔን ነው። ቁልፉን አስረክቤያለሁና ከእጄ ወጥቷል ብለው ማን ይሰማኛል?

«ደብዳቤ ምን ይፈይዳል? ብትችል ሌላ ደላላ ይዘህ አስወጣው» ያሉኝ አሉ። በሰኔ 2006 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ ሲካሄድ የሠራተኛ ተወካዮች በኳታር ላይ አቤቱታ አስገብተው ነበር። ያም ወረቀት ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር እንዲችል ሕጉ የተለወጠው፣ የደመወዙም ወለል የመጣው ከዚያ አቤቱታና ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው። እዚያ ያለው ወኪላችሁ ግን ወንድሜን «አሠሪህን ብትለቅ ከአገር ትባረራለህ» ብሎታል። ይህን ያለው ሕጉን ሳያውቅ ከሆነ አስተምሩት፤ እያወቀ ከሆነ የባሰ ነው።

የምንጠይቀው ይህ ነው። ያልተከፈለው የሁለት ወር ደመወዙና እዚህ ከፈረመው ውል የጎደለው ልዩነት በአሠሪው ይከፈል፤ አሠሪው እምቢ ካለ ፈቃድ ስታወጡ ካስያዛችሁት ዋስትና ይከፈል። ፓስፖርቱ በእጁ ይግባ። መቆየት ከፈለገ በመጀመሪያው ውል ይሥራ፣ መመለስ ከፈለገ ትኬቱ የእናንተ ነው። 85,000 ብሩ ለአባታችን ይመለስ። መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በማኅተም፣ በ15 ቀን ውስጥ እንፈልጋለን።

ከኛ ሠፈር በእናንተ በኩል የሄዱ ሌሎች ሦስት ልጆችም አሉ፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ፈርመዋል። የሦስተኛው እናት ፈርተዋል፤ አልጫንኳቸውም። ባለፈው እሑድ በእድራችን ስብሰባ ላይም ተነሥቼ ተናግሬያለሁ። የእናንተን ስም አልጠራሁም። ልጁን የሚልክ ሰው ውሉን በአማርኛ አስነብቦ ኮፒውን ቤቱ እንዲያስቀር፣ በግለሰብ ሒሳብም ብር እንዳያስገባ ብቻ ነው የነገርኳቸው። ከስብሰባው በኋላ ሁለት አባወራዎች ኤጀንሲው የቱ እንደሆነ ለብቻ ጠይቀውኛል። መልሳችሁን እስካይ ድረስ ዝም ብያለሁ።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ባለፈው ጥበቃው በር ላይ አቁሞኝ ነበርና እንዲያስገባኝ ይንገሩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
የሠራተኛው ታላቅ ወንድም

አባሪ፦ የሥራ ውሉ ኮፒ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሁለተኛው ውል ፎቶ
ግልባጭ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር