ግጥም የሚያስተምር መምህር አስቀድሞ ከባልደረቦቹ ጋር ይጻፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአንደኛ ደረጃ የቋንቋ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ልጆችን ግጥም ጻፉ ከማለታችን በፊት እኛ መምህራን ያንኑ ሥራ አብረን ተቀምጠን ብንሠራው የሚመጣውን ለውጥ በራሴ ስላየሁት፣ ትምህርት ቤቶችም ለዚህ ጊዜ እንዲመድቡ ለመጠየቅ ነው።

ለብዙ ዓመታት ግጥም ያስተማርኩት እኔ ራሴ አንድም ስንኝ ሳልቋጥር ነበር። ሐረግና ስንኝ ምን እንደሆኑ፣ ቀለም (የስንኙ ቃላት የድምፅ ምት) እንዴት እንደሚቆጠር፣ ቤት እንዴት እንደሚመታ (የስንኞች መጨረሻ በድምፅ እንዴት እንደሚገጥም) ሰሌዳ ላይ ጽፌ ካስገለበጥኩ በኋላ፣ «በሉ እናንተም አራት ስንኝ ጽፋችሁ ኑ» ብዬ አሰናብታቸዋለሁ። አንዲት ተማሪ ስለታመሙት አያቷ የጻፈችውን አምጥታልኝ፣ «ቤት አይመታም» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ መለስኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ያመጣችው ግጥም ቤቱ በደንብ ይመታል፤ አያቷ ግን በውስጡ አልነበሩም። ያን ጊዜ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት፤ ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል።

የት ላይ እንደተሳሳትኩ የገባኝ አራት መምህራን ሆነን ከክፍል ሰዓት ውጭ በተቀመጥንበት ቀን ነው፤ አንደኛው እንዲያውም የሒሳብ መምህር ነበር። ለልጆቹ ልንሰጥ ያሰብነው ርእስ «ከልጅነታችሁ የምታስታውሱት አንድ ድምፅ» የሚል ስለነበር፣ እኛም በዚያው ላይ ጻፍን። እኔ የቤታችንን በር መረጥኩና እንዲህ አልኩ፦

ሌሊት በር ሲከፈት ሲሰማኝ ድምፁ፣
በደስታ ይፈካል የልቤ ገጹ።

ጮክ ብዬ ሳነበው የሒሳብ መምህሩ፣ «የልብ ገጽ ምን ማለት ነው? በሩ ሲከፈት በእውነት ያደረግኸው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ፤ «ገጹ» የመጣው «ድምፁ»ን ፍለጋ እንጂ ከትዝታዬ አልነበረምና። ያደረግሁትን ግን አስታወስኩ፤ አባቴ ብርድ ልብሱን እንዲያለብሰኝ የተኛሁ እመስል ነበር። እንደገና ጻፍኩት፦

ሌሊት በሩ ሲጢጥ ሲል፣ አባባዬ ሲመለስ፣
ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እስኪያለብሰኝ ድረስ።

ታላቅ ግጥም ነው አልልም። ነገር ግን ቤት ፍለጋ ሐሳብን ጎትቶ ወደማይፈልገው ቦታ ሊወስደው እንደሚችል፣ ከዚያ የሚመልሰውም የባልደረባ ጥያቄ መሆኑን ከየትኛውም የመምህር መምሪያ በላይ በዚያች ቅጽበት ተማርኩ። ሥራን ለሰው ማንበብ እጅን እንደሚያንቀጠቅጥም ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ልጆችን ግን ሁልጊዜ ተነሥታችሁ አንብቡ እላቸው ነበር። ክፍል ገብቼ የተሰረዘውንም የታረመውንም ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ በእውነት አልተኙም ነበር?» አለኝ። በዚያ ክፍለ ጊዜ ስንት ቀለም እንጻፍ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጄምስ ግሬይ የተባለ መምህር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የጀመረውና ኋላ በመላው አሜሪካ የተስፋፋው የጽሕፈት መምህራን ሥልጠና የቆመው፣ ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው ራሱ ይጻፍ፣ የጻፈውንም ለባልደረቦቹ ያንብብ በሚል መሠረት ላይ ነው። በእኛም የቅኔ ቤት፣ መምህሩ ራሱ ቅኔ ዘርፎ መንገዱን ያሳያል፤ ተማሪውም ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት፣ ጉባኤ ቃና ከምትባለው የቅኔ ዓይነት ተነሥቶ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ (አዘጋጅቶ) ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ቅኔ ሳይቀኝ ቅኔ የሚያስተምር የለም። ይህን የመሰለ ልማድ ይዘን፣ በዘመናዊው ክፍል ውስጥ ግጥምን ትርጉሙ ተሸምድዶ የሚፈተን ነገር ማድረጋችን አይገባኝም።

መምህራን የሚታረም ደብተርና የክፍለ ጊዜ ብዛት እንደሚያጨናንቃቸው አውቃለሁ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የግጥም ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት፣ የትምህርት ክፍሉ ከሚሰበሰብበት ጊዜ አንድ ሰዓት ይሰጠን፤ ግማሹን ዝም ብለን እንጻፍበት፣ ግማሹን ደግሞ እርስ በርስ እንነባበብበት። በዚያች ሰዓት የሚጻፈው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና አይፈለግ፤ ርእሰ መምህሩም ከመጡ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቋንቋ መምህር