ዓሣም ጥርስ አለው፦ የምስጋና መልእክት

ባለፈው ማክሰኞ የመመረቂያ ጥናቴን አቀረብኩ። አለፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ። ስነሳ ስንቱን ሰው እንዳስቸገርኩ ትዝ አለኝ፤ እናም ይቺን ጻፍኩ።

ጥናቱ የጣና ነጭ ዓሣ ጥርስ ላይ ነው። እናቴ በስልክ ስነግራት «ዓሣ ደግሞ ጥርስ አለው እንዴ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። የነጭ ዓሣን አፍ ብትከፍቱት መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ፣ ከስንጥቡ ኋላ በተደበቀ ቆልመም ያለ አጥንት ላይ ነው።

ባዮሎጂስቶች ላቢዮባርበስ የሚሉት ይህ ወገን ጣና ውስጥ 15 ዝርያ አለው። ከነዚህ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋው ጥርስ አልባ የሆነ ዓሣ ሌላውን ዓሣ አድኖ ይበላል ማለት ነው! የሐይቁ ደለል እንደሚያሳየው ደግሞ ጣና ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ዝርያዎቹ እንዲህ የተለያዩት ከዚያ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለኢቮሉሽን ይሄ ትናንት ነው። የእኔ ጥያቄ ትንሽ ነበረች፦ የሚበሉት ሲለያይ የጉሮሮ ጥርሳቸውስ ይለያያል ወይ?

አማካሪዬን አመሰግናለሁ። ፕሮፖዛሌን ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል። ሁለተኛው ላይ በቀይ «ይህ ምኞት ነው፤ ጥናቱ የታለ?» ብለው ጽፈውበት ነበር። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ።

ዓሣ እየገዛሁ እንዳልሠራ ኪሴ አይፈቅድም። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ የዓሣ ዋጋ አይቀመስም። ያዳኑኝ ሐይቁ ዳር ፊሌቶ የሚያወጡት እናት ናቸው። «እማማ፣ ጭንቅላቱን ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። ሾርባ የቸገረኝ መስሏቸው መጀመሪያ ከሥጋውም ጨመሩልኝ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ከእኔ በላይ ጠንቃቃ ሆኑ። ዓሣውን ሙሉውን ፎቶ ሳላነሳ ቢላ አያሳርፉም። ገበያተኛ ተሰልፎ እንኳ «ቆይ፣ ልጁ ይጨርስ» ይላሉ። 64 ጭንቅላት የሰበሰብኩት በእሳቸው ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። እያንዳንዱን ጭንቅላት ቁጥር ጽፌ አልኮል ውስጥ አስቀመጥኩ። በስክሪብቶ! ሰኞ ስመለስ ወረቀቱ ነጭ፣ አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል። 31 ጭንቅላት ስም አልባ። የላብራቶሪው ባለሙያ መጣ፣ አየ፣ ምንም ሳይናገር ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ሰጠኝ። እርሳስ በአልኮል አይለቅም። አራት ዓመት ተምሬ ይህን አላወቅኩም። እሱና አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሁለት ምሽት አብረውኝ ቁጭ ብለው፣ ከፎቶዎቹ ጋር እያስተያየን 26ቱን መለስናቸው። አምስቱን ጣልኳቸው።

የዶርም ልጆች፣ ይቅርታም ምስጋናም። አጥንቱ የሚወጣው ጭንቅላቱ ተቀቅሎ፣ ሥጋው በጥርስ ብሩሽ ተፍቆ ነው። የት እንደቀቀልኩ አትጠይቁኝ፤ ሽታው ግን ሦስት ሳምንት ከእናንተው ጋር አድሯል። ብሩሹ የማን እንደነበርም ይለፈኝ።

ውጤቱ? ዓሣ በሎቹ ጥርሳቸው ቀጠን ያለና እንደ መንጠቆ ጫፉ የታጠፈ ነው። በጎርጎራ ስም የተጠራው ጎርጎሬንሲስ የሚባለው ዝርያ ግን ቀንድ አውጣና የውኃ ተክል ይበላል፤ የሱ ወፍራም ነው፣ ለመፍጨት የተሠራ። ከእኔ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች የጻፉት ነው፤ አዲስ ነገር አገኘሁ አልልም። ግን በገዛ እጄ፣ በካሊፐር፣ ሚሊሜትር በሚሊሜትር አየሁት።

እናቴ፣ የትራንስፖርቱን ብር ከየት እንዳመጣሽው አልነገርሽኝም። አውቄዋለሁ።

ትናንት ሁለት አጥንት በክብሪት ቀፎ ይዤ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና አንዱን አንስተው ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ዝም አሉ። ከዚያ ቢላቸውን አዩ።

«ይሄ ነው ለካ ስለቴን የሚያዶለዱመው!»