የነፍስ ዕቃ ከገላሽ አይለይ

ውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ሳይንት ወዳለው ፓርክ፣ ለምትሄጂበት ጉዞ የላክሽልኝን የዕቃ ዝርዝር አየሁት። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ምግብ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ መድኃኒት፣ ምንም አልረሳሽም። ያሳሰበኝ የት እንዳስቀመጥሽው ነው። ከባሕር ዳር በጎጃም በኩል ስለምትገቡ ደሴን አታልፊም፤ ስለዚህ ዓይን ለዓይን እስክንተያይ አልጠበቅሁም። ይህን ጽፌ ከትንሽ ጥቅል ጋር ልኬልሻለሁ።

አያትሽ አዳኝ እንደነበሩ ታውቂያለሽ። በእሳቸው ጊዜ ሳይንት ውስጥ አደን የጎበዝ ወግ ነበር። ዛሬ በሕግ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ፓርክ ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም። ደግ ሆነ እላለሁ። አንቺ ወደ ደንቆሮ ጫካ የምትገቢው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ልትቆጥሪ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ሌላ በዓለም ላይ የለም፣ የቀረውም ጎልማሳ ቀበሮ ከ500 አይሞላም ይባላል። በዚህ እንዴት እንደምኮራብሽ አላህ ያውቃል። ግን ጫካው አዳኝና ቆጣሪ አይለይም። ጉሙም ገደሉም የሌሊቱ ቁርም ያው ነው። ልጅ ሆኜ የአያትሽን አቅማዳ የማሰናዳው እኔ ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ዕቃቸው ሁለት ቦታ ነበር የሚከፈለው። በሶው፣ ድስቱ፣ መኝታው በቅሎ ላይ ይጫናል። ክብሪቱ፣ ቢላዋው፣ ሲባጎው፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ ግን ከወገባቸው አይለይም ነበር። ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ እንኳ አይፈቱትም። በቅሎ ትደነብራለች፣ ትቀድማለች፣ አንዳንዴም ከነጭነቷ ገደል ትገባለች። አዳኝ ደግሞ ዱካ ሲከተል መሽቶበት ከጭነቱ ማዶ ያድራል።

የአንቺ ዝርዝር ላይ ላይተሩም፣ ፊሽካውም፣ ባትሪውም ትልቁ ቦርሳ ውስጥ ነው። ያንን ቦርሳ በቅሎ ይጭነዋል። ወይም ዛፍ ሥር ታስቀምጪውና «እዚህች ድረስ አይቼ ልምጣ» ብለሽ ካሜራሽን ብቻ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ጉም ሲወርድ ደግሞ አሥር እርምጃ ማዶ ያለ ሰው አይታይም። ድንኳን ያለው ሰው ውጭ የሚያድረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ጥቅሉ ውስጥ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ታገኛለሽ። ከሹራብሽ በላይ፣ ከጃኬትሽ ሥር ልበሽው። ኪሶቹ ቁልፍ አላቸው። የምጽፍልሽ ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ስትተኚም ከራስሽ አጠገብ ይሁን።

ከሁሉ በፊት ብርዱ። ደሴ ብርድ ናት እንላለን፣ ደሴ ግን 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፓርኩ ላይኛው ጫፍ ከ3 ሺህ 500 ሜትር ያልፋል። በየ1 ሺህ ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ የምትሄጂው በኅዳር ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱን ውርጭ የሚወርድበት ወር። ጋቢሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ፣ ግን ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ውሃ ከጠጣ ሙቀትሽን ይመጥጠዋል እንጂ አያሞቅሽም። ሱፍ ግን እርጥብም ሆኖ ያሞቃል። ባና ለብሰው ያደጉት የደጋ እረኞች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። የሱፍ ሹራብና የሱፍ ካልሲ ያዢ፣ ጋቢውን ለካምፕ ተዪው።

ብርድ ሲገባ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል። ቀጥሎ ጣት አዝራር መቆለፍ ያቅተዋል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይደነቃቀፋል። ሰውየው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ ያን ጊዜ ጉዳዩ የሞት የሽረት ነው። ከጓደኞችሽ አንዱ እንዲህ ከሆነ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ደረቅ አልብሱት፣ ራሱንና አንገቱን ሸፍኑ፣ በሰው ገላ አሙቁት። እጅ እግሩን አትሹት። መዋጥ ከቻለ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ ስጡት። አረቄ ግን በፍጹም። «ያሞቃል» የሚል አይጠፋም፤ አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። በእኛ ቤት አረቄ ስለሌለ ለአንቺ አልሰጋም። ለሌሎቹ ግን ንገሪያቸው፣ አፍረሽ ዝም እንዳትዪ።

እሳት ላይ ትንሽ ልቆይ። ጠቅ የሚደረገው ላይተር ከፍታ ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል፤ በድንጋይ የሚጭረውን ውሰጂ፣ ከገላሽ አጠገብም አድርጊው፣ ከቀዘቀዘ ጋዙ ይደክማል። የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ያደረግሁልሽ በቫዝሊን የታሸ ጥጥ ነው። አንዱን አውጪና በጣትሽ በደንብ በትኚው፣ ጭራ ጭራው እስኪታይ ድረስ። ሳይበተን ከሆነ አይቀጣጠልም። ከተበተነ ግን ገና ስትጭሪበት ይይዛል፣ ለደቂቃዎችም ይነዳል። በላዩ መጀመሪያ እንደ ስንደዶ የቀጠነ ደረቅ ጭራሮ፣ ቀጥሎ የጣት ውፍረት ያለው፣ ግንዱን መጨረሻ። ደረቅ አስታ፣ ያንን የደጋ ቁጥቋጦ፣ ካገኘሽ ቶሎ ይይዝልሻል። ያው አስታ ግን አንዴ ከተነሣበት ጋራውን ይዞት ይሄዳል። ሣሩን እስከ አፈሩ ጥረጊ፣ ዙሪያውን ድንጋይ አድርጊ፣ ስትነሺ ውሃ ደፍተሽ አመዱን በእጅሽ ዳስሺው። እሳት የሚነደው ነፍስ ሲጨንቅ ብቻ ነው፤ የቀበሮዋ ቤት መሆኑን አትርሺ።

ከሰኞ ገበያ የገዛሁልሽ ሸራና ባዶ ማዳበሪያ ሰደርያው ጀርባ ኪስ ውስጥ ታጥፈዋል። ሸራው ለንፋሱ ነው። ማዳበሪያውን የወደቀ ቅጠልና ደረቅ ሣር ሙይበትና ተቀመጪበት። ከላይ ብቻ ተሸፋፍኖ ባዶ መሬት ላይ የተኛ ሰው ከታች ምድር ሙቀቱን ስትጠባው ታድራለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ከጠፋሽ ቁጭ በይ። ባለሽበት። ይመሽብኛል ብለሽ አትሩጪ፤ እዚያ ገደሉ ከጫካው ውስጥ ድንገት ነው የሚመጣው። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ንፊ፣ አርፊ፣ እንደገና ሦስት። ፊሽካ ጉሮሮ አይዘጋውም፣ ድምፅሽ ግን በአንድ ሰዓት ጩኸት ያልቃል። ስልክሽን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገሽ ብብትሽ ሥር ያዢው፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። ኔትወርክ አንድ መስመር ብቻ ካሳየሽ አትደውዪ፣ ሜሴጅ ላኪ፤ ጥሪ ያላለፈበት መልእክት ያልፋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991።

ውሃ አፍልተሽ ጠጪ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ገና 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቆዪበት። እሳት ከሌለ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ምግቡን ለእኔ ተዪው፣ ጭኮ አድርጌልሻለሁ፤ እፍኝ የማትሞላው ግማሽ ቀን ትይዛለች።

አሁን ማንም ዝርዝር ውስጥ የማይጽፈውን ልንገርሽ። ስለ ነብርና ስለ ጅብ ሲያወሩሽ ከርመዋል። እኔ የምፈራልሽ የእረኛ ውሻ ነው። የጫካው ዳር መንደሮች ውሻቸው በጎቹን ጠባቂ ነው፣ እንግዳ አይወድም። ድንጋይ ለማንሣት አጎንብሺ፣ አብዛኛው ይሸሻል፤ አትሩጪ። ከነከሰሽ፣ ትንሽ ጭረትም ብትሆን፣ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው። ሰዓት አይተሽ። ቁራጭ ሳሙናው ሰደርያው ውስጥ ያለው ለዚህ ነው። ከዚያ ሥራውን ትተሽ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውረጂ፣ ክትባት ጀምሪ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። «ቆጠራውን ልጨርስና» እንዳትዪ። ቀበሮዎቹንም የሚጨርሳቸው ይኸው ከመንደር ውሻ የሚሻገር በሽታ ነውና፣ የታመመ የመሰለሽን ውሻ ለፓርኩ ሰዎች ንገሪ።

ለደም መፍሰስ ንጹሕ ጨርቅ አድርገሽ በመዳፍሽ ጫኚው፣ በየደቂቃው እየገለጥሽ አትዪ። ለተሰበረ ክንድ ሻሽሽ ይበቃል፣ ሦስት ማዕዘን አጥፈሽ ከአንገት ማንጠልጠል ነው። እባብ ከነደፈ መብጣትም መምጠጥም የለም፤ እግሩ ሳይንቀሳቀስ ተሸክሞ ወደ ሐኪም።

አንድ ነገር ከአንቺ እፈልጋለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፊልኝ፦ በየቀኑ የት እንደምታድሩ፣ አብረውሽ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ በቅሎ የሚነዳው ሰው ስልክ፣ የምትመለሱበት ቀንና ሰዓት። አንዱን ኮፒ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስጪ፣ አንዱን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ሐሳብ ከቀየራችሁ ወረቀቱም ይቀየር። በተባለው ቀን እስከ መግሪብ ካልደወልሽ ጽሕፈት ቤቱን እደውላለሁ፣ ሌሊት ነው ብዬ አልጠብቅም።

ሰደርያው ሰፍቶሽ ከሆነ ጎኑ ላይ ማጥበቂያ ክር አለው። ለክተሽ ንገሪኝ።

እናትሽ
ደሴ