ታይገርን ስናወድስ ጎማውንም እንይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጋው የጀርመኑ ታይገር ታንክ ያወጣችሁት ጽሑፍ መድፉንና የብረቱን ውፍረት አወድሶ አበቃ። 88 ሚሊ ሜትሩ መድፍ አስፈሪ ነበር፤ አልክድም። ግን 57 ቶን የሚመዝን ታንክ ሲበላሽስ? ጎማዎቹ ተደራርበው ነው የተገጠሙት። የውስጠኛውን ለመቀየር የውጮቹን መፍታት ግድ ነው። በሩሲያ ክረምት ደግሞ በመካከላቸው የገባው ጭቃ ሌሊቱን በረዶ ይሆናል፤ ጠዋት ታንኩ ንቅንቅ አይልም። በባቡር ለመጫን እንኳ ሰፊውን ሰንሰለት አውልቆ ጠባቡን ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ ልፋት ለ1,350 ገደማ ታንኮች! አሜሪካ ሸርማን የተባለውን የራሷን ታንክ ወደ 50,000 አምርታለች። በቀጣዩ እትም የጥገና ሠራተኞቹን ውሎ የሚያሳይ ጽሑፍ ብታወጡ፣ ከጎኑም የሁለቱን ታንኮች የምርት ቁጥር ብታሰፍሩ ጥሩ ነው።

ከአንድ አንባቢ